ስለ ሲሚንቶና ጋዙ፦ የሚባለውና እውነታው

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር፣ ዘንዘልማ በኩል ቤት የሚያሠሩ ጎረቤታችን እቃ ቤታቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ስምንት ከረጢት ኦፒሲ (ተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) መሬት ላይ ተደርድሮ ስለከረመ እርጥበት ገብቶበታል። አንዱን ስንቀደው የከረጢቱን ቅርጽ እንደያዘ ድንጋይ ሆኗል። እሳቸው ያዘኑት ለብሩ ነው። እኔ ሲሚንቶውን ለመሥራት አየር ላይ የወጣውን ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን፣ ባነሣባቸው፣ «ልጄ፣ ጭሱ የፋብሪካው ነው፤ እኛን ምን አገባን?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የተጨዋወትነውን ከተማው ውስጥ በየቦታው እሰማዋለሁ።

«ጋዙ ከከሰሉ ነው፤ በመብራት ቢሠራ ያልቃል።»
460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ የውሃ ኃይል ማመንጫ ቅርባችን ስለሆነ እዚህ ይህን የሚል ብዙ ነው። ግን ትልቁ ጋዝ የሚወጣው ከድንጋዩ ከራሱ ነው። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ እቶን ውስጥ ሲቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፤ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። ሲሚንቶ ሲመረት ከሚወጣው ካርቦን 60 በመቶ ያህሉ ይህ ነው። እቶኑን 1,450 ዲግሪ ገደማ የሚያደርሰው ነዳጅ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። እቶኑ በምንም ቢሞቅ ድንጋዩ ጋዙን መልቀቁ አይቀርም።

«ማጣሪያ ከተገጠመ ንጹሕ ነው።»
ማጣሪያው የሚይዘው አቧራውን ነው። ለፋብሪካው ጎረቤቶች ሳንባ ትልቅ ነገር ነው፤ ካርቦኑ ግን ሳይታይ ሾልኮ ያልፋል።

«ፒፒሲ የተበረዘ፣ ደካማ ሲሚንቶ ነው።»
ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ መፍትሔውን ከእጃችን ያስጥለናል። የጋዙ ምንጭ ክሊንከሩ፣ ማለትም እቶን ውስጥ ተቃጥሎ የሚወጣውና ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ነገር ነው፤ ኦፒሲ ደግሞ ከጥቂት ጂፕሰም በቀር ክሊንከር ነው። ባለ 50 ኪሎው አንድ ከረጢት ከድንጋዩ ብቻ 25 ኪሎ ያህል ጋዝ አስወጥቷል። ፒፒሲ ላይ የክሊንከሩ ከፊል እንደ ፑሚስ ባለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይተካል፤ እሱን እሳተ ገሞራው ቀድሞ ስላቃጠለው እቶን አያስፈልገውም። ማብዣም አይደለም፤ ሲሚንቶው ውሃ ሲነካው ከሚፈጠረው ኖራ ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል። የሚጠነክረው ቀስ ብሎ ስለሆነ ውሃ ይፈልጋል። የባሕር ዳር ፀሐይ ቶሎ ያደርቃልና እርጥብ ጆንያ አልብሶ ቢያንስ ሳምንት ማጠጣት ነው። ለግንብ፣ ለልስንና ለብሎኬት ፒፒሲ ይበቃል። ኦፒሲ ቶሎ መጠንከር ላለበት የአርማታ ሥራ ይቆይ።

«ኮንክሪት ጋዙን መልሶ ይስበዋል።»
ይስባል፤ ግን በከፊል፣ ያውም በብዙ ዓመታት። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው የአፄ ሱስንዮስ ዘመን የድንጋይ ድልድይ የተያያዘበት ኖራ የሚጠነክረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር እየሳበ ነው። ሲሚንቶ ግን የሚጠነክረው በውሃ ነው። ደግሞም ካርቦኑ ጠልቆ ፌሮው ጋ ከደረሰ ብረቱ ለዝገት ይጋለጣል።

«የኢትዮጵያ ድርሻ ኢምንት ነው።»
ከዓለም አንጻር እውነት ነው። የአገራችን አብዛኛው ልቀትም ከግብርናና ከደን መመናመን ነው። ከኢንዱስትሪው ግን ሲሚንቶ ዋናው ነው፤ የከተሞቻችን ግንባታም እየጨመረ ነው።

ጎረቤታችን የዘንድሮውን ሲሚንቶ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርገው ደርድረውታል። ስምንቱ ድንጋዮች፣ ወደ 200 ኪሎ ጋዝ የወጣባቸው፣ ዛሬ የግቢው በር ላይ መረገጫ ሆነዋል።