የትውልድ ሐረግ ማኅበራት በመሀል አዲስ አበባ

የትውልድ ሐረግ ማኅበር ከአንድ የጋራ አያት የወረዱ ሰዎች ዘራቸውን ለመቁጠር፣ ለመመዝገብና ዘመድን ከዘመድ ለማስተዋወቅ የሚያቋቁሙት ስብስብ ነው። በአራዳ፣ በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ ነባር ሰፈሮች ብዙውን ጊዜ «የቤተ ዘመድ ማኅበር» ወይም በአጭሩ «የእነ እገሌ ቤተሰብ» ይባላል። እንደ ልማዳችን ከአባት ስም አልፎ ትውልድን የሚያያይዝ የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለ፣ ማኅበሩ የሚሰየመው በአንድ የሩቅ አባት ወይም እናት ነው። ያ ሰው ማን ይሁን የሚለው የመጀመሪያው ስብሰባ ዋና ክርክር ነው። ቅድመ አያት ከተመረጠ ሁሉም በአንድ ሳሎን ይሰበሰባል፤ ከእሱ የሚርቀው ምንጅላት ከተመረጠ አዳራሽ መከራየት ግድ ይሆናል።

ትውልድ መቁጠር ራሱ ከማኅበሩ እጅግ ይቀድማል። በርስት ሥርዓት መሬት የሚገኘው ቦታውን መጀመሪያ ካቀናው አባት መወለድን በማስረዳት ነበር፤ በአማራው አካባቢ ሐረጉ በአባትም በእናትም ስለሚቆጠር አንድ ሰው በብዙ ቦታ ድርሻ አለኝ ሊል ይችላል። ዘሩን አጥርቶ የሚያውቅ ሽማግሌ በዳኛ ፊት ተፈላጊ ምስክር ነበር። ጥቅም ያለበት ዕውቀት ግን ንጹሕ ሆኖ አይቆይም፤ መሬት የሚያስገኘው ወገን ቃል በቃል ሲወሳ ምንም የማያስገኘው ይዘነጋል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ወደ መንግሥት ሲዞሩ ይህ የቆጠራ ምክንያት ተቋረጠ። ለዛሬዎቹ ማኅበራት ትልቁ ዕድል ይኸው ነው፤ ማንም አንድ ጋሻ መሬት የማያገኝበት ሐረግ ሳይጣሉ ሊጻፍ ይችላል። ሳይጣሉ የጻፉት ጥቂቶች መሆናቸው ሌላ ጉዳይ ነው።

ጋብቻ ግን ዛሬም ያስቆጥራል። የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጎን የሥጋ ዝምድና የሚከለክለው ከወንድምና እኅት እንዲሁም ከአጎትና አክስት ጋር የሚደረገውን ጋብቻ ነው፤ በኦርቶዶክሳውያን ልማድ ግን እስከ ሰባት ቤት አይጋቡም። ስለዚህ ሽማግሌ ሊላክ ሲታሰብ የማኅበሩ ጸሐፊ ስልክ ይጠራል፤ «የልጁ የአባቱ እናት የማን ልጅ ነበረች?»

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መሀል ከተማው የተሰፈረው መኳንንቱን ተከትሎ ነው፤ ደጃች ውቤ ሰፈርና ራስ ሙሉጌታ ሰፈር ስማቸውን ያገኙት ከዚያ ነው። ዘመድ በአንድ ግቢ ወይም በአንድ አጥር አዋሳኝ ሲኖር መዝገብ አያስፈልገውም ነበር። በኋላ ኮንዶሚኒየሙ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፒያሳን፣ ዶሮ ማነቂያንና አካባቢውን የለወጠው ፈረሳ ብዙዎችን ወደ ከተማዋ ዳርቻ ወሰደ። ማኅበር የማቋቋሙ ሐሳብ በአብዛኛው የሚነሳው በለቅሶ ወይም በሙት ዓመት ድንኳን ውስጥ ነው፤ ሌላ ጊዜ ሁሉም አንድ ላይ አይገኝምና። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ፣ መዋጮ ይወሰናል፣ መተዳደሪያ ደንብ ይረቀቃል። ብዙዎቹ እንደ እድር በልማድ ይኖራሉ፤ ሕጋዊ ሰውነት የሚፈልጉት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ቢያንስ አምስት አባላት ይዘው ይመዘገባሉ።

አድካሚው ሥራ ስም ማጥራት ነው። አንድ ሰው በቤተ ክርስቲያን በክርስትና ስሙ፣ በውል ላይ በዓለም ስሙ፣ በፉከራ በፈረስ ስሙ ይገኛል፤ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ እንደሚባሉት ማለት ነው። ማዕረግም ይቀያየራል፤ በአሮጌ የዋስ ወረቀት ላይ ግራዝማች የተባለው ሰው በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ፊታውራሪ ሆኖ ሲገኝ ጀማሪ መዝጋቢ ሁለት ወንድማማቾች አድርጎ ይጽፈዋል። የልደት ዘመን ከወሬ ይወጣል። «ለዓድዋ ሲዘምቱ ጡት ላይ ነበረች» ከተባለ፣ ጦሩ ከከተማ የወጣው በጥቅምት 1888 ስለሆነ ልደቷ 1887 ዓ.ም. አካባቢ ይሆናል። የ1911ዱ የኅዳር በሽታና የየካቲት 12 ቀን 1929 ጭፍጨፋ ደግሞ ብዙ ሐረግ ድንገት የሚቆምባቸው ዓመታት ናቸው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት ላለው መዝጋቢው የቅድስት ሥላሴ ካቴድራልን መቃብሮች ያነባል፣ በ1936 ዓ.ም. በተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በወመዘክርና በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሰነድ ያገላብጣል፣ ከሁሉ በፊት ግን አሮጊቶችን ይጠይቃል። ወንዶቹ ማዕረግ ሲያስታውሱ እነሱ ማን ከማን እንደተወለደ ያስታውሳሉ።

በመሀል አዲስ አበባ የአንድ ቤት ባልና ሚስት አቆጣጠራቸው ሊለያይ ይችላል። ኦሮሞውና ጉራጌው በአባት ወገን ይወርዳሉ፣ አማራው በሁለቱም። በአባት ብቻ የተሠራ ቅጽ የሴት ልጆችን ዘር ከአንድ ትውልድ በኋላ ያቆመዋል፤ ይህን ያላረመ ማኅበር ዘመዱን በግማሽ እየጣለ ይቆጥራል። ከዚህም የሚከብደው የባርነት ጉዳይ ነው። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ በትልልቅ ግቢዎች ከገረድ የተወለዱ ልጆች በአባታቸው ስም እየተጠሩ እናታቸው ሳትነገር አድገዋል። አንዳንድ ማኅበራት በእናት ስም ቦታ ሰረዝ ያደርጋሉ፤ ሌሎች በቤት ትጠራበት የነበረውን ስም ይጽፋሉ። የአንድ ማኅበር መዝገብ ምን ያህል እንደሚታመን ለማወቅ የምመለከተው ይህንን ቦታ ነው።

ሐረጉ አንዳንዴ በመጽሐፍ ይታተማል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ተባዝቶ ለየቤቱ ይታደላል። ከእደላው በኋላ «የእኛ ቤት ተዘሏል» የሚል ስልክ መደወሉ አይቀርም፤ ልምድ ያለው ጸሐፊ በየምዕራፉ መጨረሻ ባዶ ገጽ የሚተወው ለዚህ ነው።