የሕዝብ አመለካከት ስለ አየር ንብረት ለውጥና በሳይንቲስቶች ላይ ያለው እምነት

ሕዝብ የአየር ንብረት ለውጥን እንዴት ያየዋል? ስለ ለውጡ የሚነግሩትን ሳይንቲስቶችስ ምን ያህል ያምናል? ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ቢጠየቁም የአንዱ መልስ የሌላውን አይተካም፤ ሳይንቲስቶችን የሚያምን ሰው ስለ ጉዳዩ ጨርሶ ያልሰማ ሊሆን ይችላል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ በሰፊው መነጋገሪያ የሆነው በ1988 ነው። በዚያ ዓመት የናሳው ሳይንቲስት ጄምስ ሃንሰን ስለ ምድር ሙቀት መጨመር ለአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ምስክርነቱን ሰጠ፤ የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓናልም ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመታት ገደማ ስለ ሕዝብ አመለካከት የተሰበሰበው መረጃ በአብዛኛው የሀብታም አገሮች ነው።

ሁኔታውን የቀየረው የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ድርጅት ጋሉፕ በ2007 እና 2008 በ119 አገሮች ያካሄደው ጥናት ነው፤ ከዓለም አዋቂዎች 40 በመቶ ያህሉ ስለ ለውጡ ሰምተው እንደማያውቁ ታየ። በአፍሪካ የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር ከ2016 እስከ 2018 በ34 የአፍሪካ አገሮች ባደረገው ዙር የሰሙት 58 በመቶ ያህል ነበሩ። ይህ ተቋም በየአገሩ 1,200 ወይም 2,400 ሰዎችን በአካል አግኝቶ፣ ተጠያቂው በመረጠው ቋንቋ ያነጋግራል። ድካሙ ብዙ ነው፣ ውጤቱ ግን ያስመሰግነዋል። መጠይቁ መጀመሪያ «ሰምተው ያውቃሉ?» ይላል፤ መንስኤውን የሚጠይቀው የሰሙትን ብቻ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲዘለል ያልሰማው ሰው በግምት ይመልሳል፤ ግምቱም እንደ አቋም ይቆጠራል።

ሌላው የተለመደ ስህተት «ሙቀቱ እየጨመረ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ነው፤ ይስማማሉ?» ብሎ ሁለት ነገር ባንዴ መጠየቅ ነው። በመጀመሪያው ብቻ የሚስማማ ሰው መልስ የለውም። በዚያ ላይ ሰው ጠያቂውን ላለማስቀየም መስማማት ይቀናዋል። የናሙናው መጠንም መታየት አለበት፦ በዕጣ የተመረጡ 1,000 ሰዎች የስህተት ህዳግ (ውጤቱ ከእውነተኛው ሊርቅ የሚችልበት መጠን) 3 የመቶኛ ነጥብ ያህል ሲሆን፣ ከነሱ ውስጥ 100 ወጣቶች ለብቻ ሲወሰዱ ወደ 10 ነጥብ ይደርሳል። የሁለት ነጥብ ልዩነት ይዞ «አመለካከት ተቀየረ» የሚል ዘገባ ዋጋ የለውም። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የ2021 ጥናቱን በሞባይል ጨዋታ ማስታወቂያዎች 1.2 ሚሊዮን ሰዎች ዘንድ አድርሷል፤ የ2024ቱ ግን በዋነኛነት በስልክ ከ73,000 በላይ ሰዎችን በ77 አገሮች ጠይቋል። ሁለቱን እንደ ተከታታይ ልኬት ማነጻጸር አይገባም።

በሳይንቲስቶች ላይ ስላለው እምነት እስካሁን ሰፊ ከሆኑት ጥናቶች አንዱ በ2025 ኔቸር ሂዩማን ቢሄቪየር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ነው፤ በ68 አገሮች 71,922 ሰዎች ተሳትፈውበታል። እምነት በአንድ ጥያቄ አልተለካም፤ ብቃት፣ ታማኝነት፣ በጎ ፈቃድና የሌላውን ሐሳብ ለመስማት ዝግጁነት በሚሉ አራት ዘርፎች፣ በ12 ጥያቄዎች ተመዘነ። አማካዩ ከ5 ነጥብ 3.62 ሆነ። ብቃት አላቸው ያለው 78 በመቶ ሲሆን፣ የሌሎችን አመለካከት ያዳምጣሉ ያለው 42 በመቶ ብቻ ነው። «ሕዝብ ሳይንስን ከድቷል» የሚለው ወሬ በዚህ መረጃ አይደገፍም፤ ቅሬታው ያለው ማዳመጥ ላይ ነው።

በ2009 በእንግሊዝ የኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ኢሜይሎች ተሰርቀው ሲወጡ ውሂብ አጭበርብረዋል ተብሎ ብዙ ተወራ፤ የተካሄዱት ምርመራዎች የውሂብ ማጭበርበር አላገኙም።

በአየር ንብረት ለውጥ ላይ ያለውን ጥርጣሬ የሚወስነው ትምህርት ነው ወይስ ፖለቲካ የሚለው አከራካሪ ነው። በ2016 ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንታኔ ጥርጣሬው ከትምህርት ይልቅ ከፖለቲካ ወገንተኝነት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል፤ ግንኙነቱ አሜሪካ ውስጥ የጠነከረ ሲሆን በብዙ አገሮች ግን የላላ ይመስላል። ሰዎች ስለ ሌሎች አቋም ያላቸው ግምት ከእውነታው መራቁ ግን አያጠራጥርም። በ2024 ታትሞ 125 አገሮችን በሸፈነው ጥናት የአየር ንብረት ለውጥን ለመከላከል ከገቢያቸው 1 በመቶ ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑት 69 በመቶ ሲሆኑ፣ ተጠያቂዎቹ ከወገኖቻቸው ፈቃደኛ ይሆናል ብለው የገመቱት 43 በመቶውን ብቻ ነው።