ባዶዬን መለሰኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አርባ ቀን ሙሉ የእመቤታችንን ስደት እያሰብን ከረምን። ሊቃውንቱ የሰሎሞንን ቃል አንሥተው «ተመየጢ፣ ተመየጢ» ሲሉ፣ ተመለሽ፣ ተመለሽ ማለት ነውና፣ ስንቱ ሰው በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ሲጠርግ አይቻለሁ። በኅዳር 6 የስደቷ መታሰቢያ የሚፈጸምበትን የቁስቋምን በዓል ያከበርኩት ባደግኩበት በመንዝ ነው።

ከቅዳሴ ስንወጣ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከጽዱ ሥር፣ አንዲት እኅት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቆማ ነበር። ዓረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርታ፣ ታማ፣ ምንም ሳትይዝ የተመለሰች ናት። እናቷ እጇን ይዘዋል። ምእመናን እየቀረቡ ይስሟታል፤ ከሳሟት በኋላ «መቼ መጣሽ?» ይላሉ፤ ትንፋሽ ሳይወስዱም «መቼ ትመለሻለሽ?» አራት ሰው እንዲህ ሲላት ሰማሁ። አምስተኛው ሲጠጋ እናቲቱ ቀደሙና «ቤቷ ነው» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ወገኖቼ፣ «ተመለሽ» እያልን አርባ ቀን በዘመርንበት አፍ እኮ ነው!

መጽሐፈ ሩትን ብዙዎቻችን የምናነበው ስለ ሩት ብለን ነው። እኔን ግን ልቤን የምትይዘኝ ኑኃሚን ናት። በረሃብ ዘመን ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ከቤተ ልሔም ወጣች፤ በሞዓብ ባሏም ሞተ፣ ልጆቿም ሞቱ። ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ ስትመለስ ከተማው ሁሉ «ይህች ኑኃሚን ናትን?» እያለ ታወከ። እርሷም ምን አለች? «በሙላት ወጣሁ፥ እግዚአብሔርም ወደ ቤቴ ባዶዬን መለሰኝ» (ሩት 1፥21)። አላፈረችም፣ አልሸፋፈነችም። ደግሞም ልብ በሉ፤ እጇ እስኪሞላ ድረስ አልጠበቀችም። ባዶዋን ተነሣች፣ ባዶዋን መጣች።

የእኛ ልጆች ግን ይጠብቃሉ። አዲስ አበባ በግንባታ ቦታ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ እያደረ፣ እናቱ በእርጅና እየደከመች፣ «ትንሽ ነገር ልያዝና እሄዳለሁ» የሚል ስንት አለ! ዓመት ይዞራል፣ ሌላ ዓመት ይዞራል። አንዳንዱም እናቱን አፈር ለማልበስ ብቻ ይደርሳል። ይህን እፍረት ማን አስተማረው? እኛ ነን። ልጅ ከመኪና ሲወርድ ፊቱን ሳናይ ሻንጣውን የምናይ እኛ ነን። ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል፤ እኔም አንድ ቀን እንዲሁ አይቼ አውቃለሁና።

ያው ምዕራፍ ሲያልቅ አንድ ቃል አለው፤ ኑኃሚንና ከሞዓብ አብራት የመጣችው ምራቷ ሩት ወደ ቤተ ልሔም የደረሱት የገብስ መከር በተጀመረ ጊዜ ነው። ገብስ በሚበላበት አገር ያደገ ሰው ይህን ቃል ሳያስተውል አያልፈውም። ቤተ ልሔም ማለት የእንጀራ ቤት ነው። እግዚአብሔር ለዚያች ላዘነች ሴት በዚያ ሰዓት «ለምን» ለሚለው ልቅሶዋ መልስ አልሰጣትም፤ ማሳው ግን ደርሶ ጠበቃት። ባዶ እጅሽን የተመለስሽ እኅቴ፣ ባዶ እጅህን የተመለስክ ወንድሜ፣ የአባትህ ቤት የጠላት ቤት አይደለም። በእናትህ ምድጃ ዳር መቀመጥ ውርደት አይደለም። የተመለስከው ወደ ሰው ዓይን ብቻ አይደለም፣ መከሩን ወደሚያውቅ አምላክ ነው።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። እናቱ ከወንዝ ውኃ ተሸክማ ስትመጣ ጋቢውን ተከናንቦ ቁርሱን የሚጠብቅ ጎልማሳ፣ ኑኃሚንን ለራሱ አይጥቀስ። ሩት እንግዳ አገር ገብታ «ልቃርም» ብላ ወጣች። እስከ ማታ ቃርማ አንድ ኢፍ፣ የእህል መስፈሪያ ነው፣ የሚያህል ገብስ አገኘች፤ ከምሳዋ የተረፈውን ቆሎ እንኳ ለአማቷ ይዛ ገባች። አንድ እፍኝ ቆሎ! አረጋዊ ወላጅ ከልጁ ብዙ አይጠብቅም።

እነዚያ «ይህች ኑኃሚን ናትን?» ያሉ የቤተ ልሔም ሴቶችም በኋላ ሩት የወለደችውን ሕፃን ኑኃሚን ስታቅፈው «ለኑኃሚን ወንድ ልጅ ተወለደላት» ብለው ስም አወጡለት። ኢዮቤድ አሉት፤ እርሱም የዳዊት አባት የእሴይ አባት ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። ልደቱን የምንጠብቀው ጌታ በሥጋ የመጣው ባዶዋን ከተመለሰች ሴት ቤት ነው።

ከዚያ በፊት ኅዳር 12 ሚካኤል አለ። ያች እኅት ምናልባት ዳግም ከቅጥር ውጭ ትቆም ይሆናል። ከእናንተ አንዱ ሄዶ እጇን ይያዝና ወደ ውስጥ ያስገባት፤ ሲወጡም ከሰንበቴው ገበታ ከጎኑ ያስቀምጣት። ስለ መሄጃዋ ማንም አይጠይቃት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።