ዲያቆን ማግባት ይችላል ወይ?

እዚህ ድሬዳዋ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ «ዲያቆን ከሆንክ ትዳር ቀረብህ» የሚባል ወሬ ልጆቹን በከንቱ እያስጨነቀ ነው። ስህተት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ዲያቆን ያገባል፤ የተከለከለው ቅስና ከተቀበሉ በኋላ ማግባት ነው። ጋብቻውም በድንግልና፣ በተክሊል (ሙሽሮቹ አክሊል በሚደፉበት ሥርዓት) እና በቅዱስ ቁርባን ይፈጸማል፤ ልጅቷም ድንግል መሆን አለባት።

እንበልና የሳቢያን ሰፈር ልጅ የሆነ የ24 ዓመት ዲያቆን አለ። ቀድሶ ሲወጣ ኒም ዛፉ ጥላ ሥር ነጠላዋን አጣፍታ የምትጠብቀው ልጅ አለች። እሱ «ወይ እሷ ወይ መቅደሱ» እያለ እንቅልፍ አጥቷል። ምርጫው ግን እንደዚያ አይደለም፤ እሷን አግብቶ ቅስና መቀበል ይችላል፤ ወይም ይመነኩሳል። ከመነኮሰ ትዳር የለም።

ብዙዎች የማያውቁት ከባዱ ነገር ይሄ ነው፦ ቄስ ሚስቱ ብትሞት እንኳ ሌላ አግብቶ በክህነቱ መቀጠል አይችልም። እኔ ይህን ልጅቷም ከሠርጉ በፊት ብትሰማው እላለሁ፤ የእሷም ሕይወት ነውና።

ከተክሊሉ በፊት የሚሰጠው ትምህርትና የሚጠየቀው ማስረጃ ግን ከአጥቢያ አጥቢያ ይለያያል። እሱን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።