ሴፍቲኔት ምንድን ነው? ለገበሬውስ ለምን ይገባል?

የደሴ ዙሪያ ደጋ በልግ ጠባቂ ነው። የየካቲትና የመጋቢት ዝናብ ከቀረ ገብሱ ሳይዘራ ወሩ ያልፋል፤ ጎተራው ባዶ የሆነበት ሰው ዓይኑ በረቱ ላይ ያርፋል። ሴፍቲኔት የታሰበው ለዚህ ሰዓት ነው።

ሙሉ ስሙ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲሆን የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ዝናብ በቀረ ቁጥር የእርዳታ ጥሪ ይደረግና እህል ይጠበቅ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሚደርሰው በሬው ከተሸጠ በኋላ ነው። በሴፍቲኔት ግን በየዓመቱ ምግብ የሚያጥረው ቤተሰብ አስቀድሞ ተለይቶ ይመዘገባል፤ በዓመት ለስድስት ወር ገንዘብ ወይም እህል ያገኛል። ጉልበት ያለው ሠርቶ ነው የሚቀበለው። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን ይታሰባል፦ እርከን፣ ችግኝ ተከላ፣ የውኃ ማቆር፣ የገጠር መንገድ። ሲጀመር የቀኑ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። አቅመ ደካሞች ያለ ሥራ ይረዳሉ፤ ይህ ቀጥታ ድጋፍ ይባላል።

«የከተማውም ድሃ ተርቧል፣ ገበሬው በምን ተለየ?» የሚሉ አሉ። ከተማውም የራሱ ሴፍቲኔት አለው፤ ሲጀመር ከታቀፉት 11 ከተሞች አንዷ ደሴ ነበረች። የገበሬው ጉዳት ግን ክፋቱ ዓመት ተሻጋሪ መሆኑ ነው። በድርቅ ጊዜ ሁሉም ከብቱን በአንድ ሰሞን ገበያ ያወጣል፤ የበሬ ዋጋ ይወርዳል፣ የማሽላ ዋጋ ይወጣል። ተሸጦ የሚገዛው እህል ብዙ አያቆይም። ቀጣዩ ክረምት ቢያምር እንኳ በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ለእኩል ይሰጥና ግማሹን ምርት ያጣል። በሬውን መልሶ እስኪገዛ ስንት ዓመት ይፈጅበታል! ወሎ በ1966 እና በ1977 ያየውን የሚያውቅ ሰው ይህን ገንዘብ ምጽዋት ሊለው አይችልም። ደግሞም ተራራው ላይ የሚሠራው እርከን ጎርፉን ስለሚያበርድ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ያለችው ኮምቦልቻም ተጠቃሚ ናት።

ለእኔ የፕሮግራሙ ትልቁ ችግር የክፍያ መዘግየት ነው። ለሚያዝያ የታሰበ ብር ሰኔ ከደረሰ በሬው ተሸጧል።

ማን እንደሚታቀፍ የሚለየው በቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ነው፤ ዝርዝሩም ለሕዝብ ይፋ መሆን አለበት። መታቀፍ ሲገባው የተዘለለ ሰው ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ይችላል።