ሰሙ ያልታወቀ ወርቅ፦ በዜናና በምስል ውስጥ ምልክት ለምንፈልግ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ተማሪ ጉባኤ ቃና የሚባለውን አጭር ቅኔ ቆጥሮ ሲቀርብ የኔታ ወርቁን ከማድነቃቸው በፊት ሰሙን ይመረምራሉ። ነገሩ ከአንጥረኛ ቤት የተወሰደ ነው። አንጥረኛው ጌጡን አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት አቅልጦ ያወጣውና በባዶው ቦታ ወርቁን ያፈስሳል። ወርቁ የሚይዘው የሰሙን ቅርጽ ብቻ ነው። በዜናና በምስል ውስጥ የፍጻሜ ዘመን ምሥጢር አለ እያሉ በስልካችን የሚዞሩት “የተሰወረ ምልክት” ትምህርቶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ሰሙ፣ ማለትም በእውነት የሆነው ነገር፣ ሳይታወቅ ወርቅ ይፈስስበታል።

ለጌታችንም ዜና ተነግሮታል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ጲላጦስ ደማቸውን ከመሥዋዕታቸው ጋር ስለ ደባለቀው የገሊላ ሰዎች አወሩለት። እርሱ ደግሞ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች አንሥቶ፣ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችሁ እንደ ሆነ ጠየቃቸው። የወደቀበትን ቀን አልቆጠረላቸውም፤ የሟቾቹን ቁጥር አልፈታላቸውም። ወደ ራሳቸው ንስሐ መለሳቸው። (18 ማለት ሦስት ጊዜ 6 ነው የሚል የዛሬ ፈቺ እዚያ ቢገኝ ኖሮ ምን ይል እንደ ነበር መገመት አያቅትም።) በመላጥያም ሰዎች ጳውሎስን እባብ ሲነድፈው “ነፍሰ ገዳይ ነው” አሉ፤ ሳይሞት ሲቀር “አምላክ ነው” አሉ። ሐዋርያት ሥራ 28። ምልክቱ አንድ፣ ፍቺው ሁለት፣ ሁለቱም ስሕተት።

ፀሐይ በቀለበት ስትከበብ ወሬው ወዲያው ይነሣል። ቀለበቱን የሚሠራው በከፍተኛው ስስ ደመና ውስጥ ያለ ባለ ስድስት ጎን የበረዶ ቅንጣት ነው። ብርሃኑን የሚያጥፈው 22 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ ቀለበቱ የትም አገር፣ በማንም ዘመን መጠኑ ያው ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ፀሐይዋን በአውራ ጣት ሸፍኑ፤ ጣቶቻችሁን ስትከፍቱ ትንሿ ጣት ቀለበቱ አጠገብ ትደርሳለች። ፀሐይዋን ግን በባዶ ዓይን አትዩ።

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ማታ ጨረቃ የቀላችው የምድር ጥላ ስላረፈባት ነው። በጥላው ውስጥ የሚደርሳት ጥቂት ብርሃን የምድርን አየር አቋርጦ ስለሚመጣ ቀይ ይሆናል። ሰኔ 14 ቀን 2012 በላሊበላ ሰማይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት የመሰለችበትም ቀን ከብዙ ዓመት በፊት ተሰልቶ የታወቀ ነበር። ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያንን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ለሚያውቅ ይህ እንግዳ አይደለም። በዓላት ከሚሰሉባቸው ቁጥሮች የ2018 ዓ.ም. አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18 ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ እንደ ሁልጊዜው 30። ከዚያ ተነሥተው ሊቃውንቱ የዚያን ዓመት ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ላይ ያሳርፉታል። ጌታችን በፀሐይና በጨረቃ ምልክት እንደሚሆን ተናግሯል፤ አንክድም። ነገር ግን ተቆጥሮ የሚታወቀውን ለአንድ ሰው ብቻ የተገለጠ ምሥጢር አድርጎ ማቅረብ ሐሰት ነው። ኤርምያስም “ከሰማይ ምልክት አትፍሩ” ይላል፤ 10፥2።

በቁጥር የሚደረገው ደግሞ ይብሳል። የእንግሊዝኛውን ፊደል A 6፣ B 12፣ C 18 እያሉ ቢቆጥሩ “ኮምፒውተር” (computer) የሚለው ቃል 666፣ የአውሬው ቁጥር፣ ይመጣል። እውነት ነው፤ ይመጣል። ፊደሎቹ በተራ ቁጥራቸው ድምራቸው 111 ነውና በ6 ሲባዛ 666 ሆነ። በ6 ማባዛቱን ማን አዘዘ? መልሱን አስቀድሞ የመረጠው ሰው። የአማርኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍማ አንዱ በአንድ “ኤል”፣ ሌላው በሁለት ስለሚጽፈው ቁጥሩም አብሮ ይለዋወጣል። በዕቃ ላይ በሚታተመው ባርኮድ ረዘም ብለው የሚታዩትና “666 ናቸው” የሚባሉት ሦስት ጥንድ መስመሮችም 6 አይደሉም። እያንዳንዱ አኃዝ 7 ክፍል ይይዛል፤ የዳርቻዎቹ ጥንድ ግን 3 ክፍል፣ የመካከሉ 5 ክፍል ነው። ለማንበቢያው መሣሪያ መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን ያሳያሉ። ቅዱስ ሄሬኔዎስ በሁለተኛው መቶ ዘመን ስለ 666 ሲጽፍ የአውሬውን ስም ከመገመት ፍጻሜውን መጠበቅ ይሻላል ብሎ ነበር።

ምስል ሲደርሳችሁ ከመፍታታችሁ በፊት ምንጩን ፈልጉ። የምስል መፈለጊያ በሆኑት ጎግል ሌንስ ወይም ቲንአይ (TinEye) ላይ አስገቡት፤ ቲንአይ ውጤቱን ከአሮጌው ጀምሮ መደርደር ይችላል። “የትናንት” የተባለው ፎቶ ከዓመታት በፊት ወጥቶ ከተገኘ ሰሙ ፈረሰ። ከዚያ ያልተቆረጠውን ሙሉ ምስል አግኙ፤ በሰው ራስ ላይ የበቀለው “ቀንድ” ብዙ ጊዜ ከኋላው ያለ የወንበር መደገፊያ ወይም የመብራት ዘንግ ነው። ቪዲዮ በአንድ ሰከንድ 25 ወይም 30 ምስል ያሳልፋል፤ ከነዚያ አንዱን አቁሞ የዓይን ሽፋሽፍት በግማሽ የወረደበትን መርጦ “ፊቱ ተለወጠ” ማለት ቀላል ነው። አንድ ሰው በግራ እጁ አማተበ ከተባለም ከኋላው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ፊደሉ ከተገለበጠ ምስሉ እንደ መስታወት ዞሯል። ፊደሉ ፊደል መሳይ ሆኖ ጨርሶ የማይነበብ ከሆነ ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ መሆኑን ጠርጥሩ።

ቤተ ክርስቲያን ምሳሌ አትጠላም። በጣና ሐይቅ ዳር ባለችው በዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ ክፉዎች ጎናቸውን ሰጥተው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ይህ ምልክት መክፈቻ አለው፤ ሠዓሊውም ተመልካቹም ያውቁታል፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። የመጻሕፍት ትርጓሜ የሆነው የአንድምታ መምህርም “አንድም” እያለ ብዙ ቢተረጉም ከንባቡ አይወጣም። አንድ ድርጅት በዓርማው ላይ ዓይን ስለ ሣለ ግን ይህን መክፈቻ ወስደን እዚያ በር ላይ አንሞክረውም፤ ሠዓሊው ያንን ሕግ አልተማረም።

ያልተጣራውን አስቀድሞ የላከ ሰው ቢኖር በዚያው በላከበት ቡድን ውስጥ ያርም። ቴሌግራም ላይ የራስን መልእክት ከቡድኑ ማጥፋት ይቻላል፤ ሌሎች ያስተላለፉት ቅጂ ግን አይጠፋም። ስለዚህ ከማጥፋት ይልቅ በዚያው መልእክት ሥር “ይህ ስሕተት ነው፤ ምስሉ በእውነት የወጣው በዚህ ቀን ነው” ብሎ ቀኑን ከነማስረጃው መጻፍ ይሻላል። “በሐሰት አትመስክር” የሚለውን ትእዛዝ መተላለፍም የንስሐ አባት ዘንድ የሚነገር ነው፤ “እኔ ያስተላለፍሁት ብቻ ነው” የሚለው ምክንያት እዚያ አይሠራም።