የግራፊክስ ካርድ ኦቨርክሎክ በጅማ፦ ለጀማሪ አጠቃላይ ዳሰሳ

ኦቨርክሎክ የግራፊክስ ካርዱ ጂፒዩ (ምስሉን የሚያሰላው ቺፕ) እና ሜሞሪ ፋብሪካው ከወሰነላቸው ፍጥነት በላይ እንዲሠሩ በሶፍትዌር ማስተካከል ነው። የኢንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060ን ብንወስድ፣ መነሻው 1506 ሜጋኸርዝ፣ ቡስቱ (ሲሠራ ከፍ የሚልበት ፍጥነት) ደግሞ 1708 ሜጋኸርዝ ተብሎ ተጽፏል፤ ማንም ሳይነካው ግን ጌም ላይ ከዚያ አልፎ ሲሄድ ይታያል። ምክንያቱ ጂፒዩ ቡስት የሚባለው አሠራር ነው። እንደ ፈረንጆች በ2012 ከጂቲኤክስ 680 ጋር የመጣ ሲሆን፣ ካርዱ ሙቀቱና የኃይል ገደቡ እስከፈቀዱለት ድረስ ራሱን በራሱ ያፈጥናል። ስለዚህ ዛሬ ኦቨርክሎክ የሚያደርግ ሰው የሚለቅመው ቃርሚያውን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ። በሰከንድ በ60 ፍሬም (ምስል) ይሄድ የነበረ ጌም 64 ወይም 65 ቢደርስ ጥሩ ውጤት ነው። ከዚህ በላይ የሚጠብቅ ሰው ገንዘቡን ለሌላ ካርድ ቢያጠራቅም ይሻለዋል።

ገደቦቹ ሙቀትና ኃይል ከሆኑ፣ ካርዱ የተቀመጠበት ከተማ አየርና መብራት ከካርዱ ሞዴል ያልተናነሰ ጉዳይ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ከሂትሲንኩ (ሙቀቱን ከቺፑ ከሚቀበለው ባለ ክንፍ ብረት) የሚነጥቀው ሙቀት ይቀንሳል። ውጭ አገር ያለ ሰው በተመሳሳይ ካርድ ያገኘው ቁጥር እዚህ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ ቢገኝ ካርዱ ታሟል ማለት አይደለም። ደግነቱ የጅማ ክፍል አይሞቅም። ጋምቤላ አየሩ ከእኛ ወፈር ያለ ነው፤ ግን ወደ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) የሚገባው ሲጀመርም ትኩስ ነው።

ወቅቱም ይቆጠራል። በሐምሌ ምሽት ዝናቡ ጣራውን እየደበደበ የተሞከረና «አለፈ» የተባለ ፍጥነት በየካቲት ከሰዓት በኋላ ሊወድቅ ይችላል። በበጋ ደግሞ ቀዩ አቧራ አለ። በሂትሲንኩ ክንፎች መካከል ሲጋገር ፋኑ በከንቱ ይጮኻል። ብዙ ሰው ኬዙን ተሸክሞ ጎሚስታ ቤት ሄዶ በኮምፕሬሰር ያስነፋል፤ በኮምፕሬሰሩ ጋን ውስጥ የሚጠራቀም ውኃ እንዳለ፣ ከአየሩ ጋር ቦርዱ ላይ ሊረጭ እንደሚችል ግን አያስብም። ለስላሳ ብሩሽና ትዕግሥት ይበቃሉ፤ ሲጸዳ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ ነው። ካርዱ ዓመታት ያገለገለ ከሆነ በቺፑና በሂትሲንኩ መካከል የሚቀባውንና የደረቀውን ቴርማል ፔስት መቀየር ብቻውን ሙቀቱን ሊያወርድ ይችላል፤ ሙቀቱ ሲወርድ ጂፒዩ ቡስት ፍጥነቱን ራሱ ይጨምራል። ይህ ኦቨርክሎክ ተብሎ አይጠራም እንጂ ውጤቱ ያው ነው።

የመብራቱ ነገር ሰፋ ያለ ነው። የእናትቦርዱ ስሎት ለካርዱ የሚሰጠው እስከ 75 ዋት ነው፤ ባለ 6 ፒን ገመድ ሌላ 75፣ ባለ 8 ፒን 150 ዋት ይጨምራል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይን የመሰለ ተጨማሪ ገመድ የሌለው ካርድ ያለውን 75 ዋት ጨርሶ ስለሚጠቀም ብዙ አይገፋም። ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ ካርድ የሚሰካበት ሰው ደግሞ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ያንብብ፤ ብዙዎቹ ከ300 ዋት በታች ናቸው። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ከኋላው ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ መኖሩን ይይ። 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ቢሰካ ኦቨርክሎኩ ሳይጀመር ጭስ ይወጣል።

ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ የሚልበት ግቢ ውስጥ ካርድ መፈተን ግራ ያጋባል። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል፣ ባለቤቱ ግን ጥፋቱን በጨመራት 25 ሜጋኸርዝ ያሳብባል። ስታቢላይዘር ለዚህ ይረዳል። ዩፒኤስ ከሆነ በቪኤ የተጻፈውን እንደ ዋት መቁጠር ስህተት ነው፤ 650 ቪኤ የሚለው በአብዛኛው ከ360 እስከ 390 ዋት ብቻ ይሸከማል። መብራት ሲጠፋ ካርዱ ብዙም አይጎዳም። አደጋው መብራቱ ሲመለስ ነው፤ እስኪረጋ ድረስ ከዲቫይደሩ ነቅሎ መጠበቅ።

ሥራው ራሱ በኤምኤስአይ አፍተርበርነር ይሠራል። በነጻ የሚገኝ ሲሆን የሌላ አምራች ካርድንም ይቀበላል። መጀመሪያ ምንም ሳይነካ እንደ ዩኒጂን ሱፐርፖዚሽን ያለ መፈተኛ አስኬዶ ውጤቱን፣ ሙቀቱንና ፍጥነቱን ደብተር ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ያልተጻፈ መነሻ ካለ ከዚያ በኋላ የሚባለው ሁሉ ግምት ነው። ከዚያ የፋኑን ከርቭ፣ ማለትም በየሙቀቱ ምን ያህል እንደሚሽከረከር የሚወስነውን መስመር፣ ከፍ ማድረግ፤ ቀጥሎ የጂፒዩውን ፍጥነት በ25 ሜጋኸርዝ እየጨመሩ በየደረጃው አሥር ደቂቃ መፈተን። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ፣ የተዘረጉ ሦስት ማዕዘኖች ወይም የቀለም ብልጭታ ከታየ፣ ወይም ስክሪኑ ጠፍቶ ድራይቨሩ ተነሣ የሚል መልእክት ከመጣ ገደቡ ታልፏል ማለት ነው። ዊንዶውስ ጂፒዩው ለ2 ሰከንድ መልስ ካልሰጠው ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣል፤ ካርዱ ተቃጠለ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ከ25 እስከ 50 ሜጋኸርዝ ዝቅ ብሎ ረዘም ላለ ሰዓት መሞከር ነው።

ሜሞሪው የሚነካው የጂፒዩው ሙከራ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የጨመረ ሰው የትኛው እንደወደቀ አያውቅም። ሜሞሪ ደግሞ ተንኮለኛ ነው። አዳዲሶቹ ስህተታቸውን ለይተው መረጃውን ደግመው ስለሚልኩ፣ ሲበዛባቸው ምንም ነጠብጣብ ሳያሳዩ ውጤቱ ብቻ ይወርዳል። ቁጥሩ ጨምሮ ፍሬሙ ከቀነሰ ወደ ኋላ መመለስ። «ኮምፒውተሩ ሲነሣ ይተግበር» የሚለው ምርጫ ጥቂት ቀናት በሰላም ሳያልፉ አይነካም፤ ቸኩሎ የነካው ሰው ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ ሊያስነሣ ይገደዳል።

እንደኔ ከሆነ ግን ለጅማ ጀማሪ የሚሻለው መንገድ ተቃራኒው ነው፤ አንደርቮልት፣ ማለትም ፍጥነቱን ሳይቀንሱ ቮልቴጁን ማውረድ። ጂፒዩ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በእኩል ሲያድግ ከቮልቴጁ ጋር በካሬ ያድጋል፤ ስለዚህ ከ1.05 ቮልት ወደ 0.95 መውረድ ጂፒዩው ሲሠራ የሚያቃጥለውን 18 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሁሉም ቺፕ እዚያ ድረስ አይወርድም፤ በትንሽ በትንሹ እየሞከሩ ማየት ነው። ስስ አየራችን የነፈገንን ቅዝቃዜ በዚህ እናካክሳለን፣ ዩፒኤሱም ይቀለዋል። በአፍተርበርነር ኮንትሮልና ኤፍ ሲጫኑ የሚከፈተው የቮልቴጅና የፍጥነት ከርቭ ለዚህ ነው፤ ኤኤምዲ ካርድ ያለው ደግሞ በአድረናሊን ሶፍትዌር ውስጥ በራሱ አንደርቮልት የሚያደርግ ምርጫ ያገኛል።

ጌም የሚያልፈው ፍጥነት ሬንደር (የመጨረሻውን ምስል ወይም ቪዲዮ የማውጣት ሥራ) ላያልፍ ይችላል። ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ለፕሮጀክቱ ሌሊቱን ብሌንደር (የ3ዲ ሥራ ሶፍትዌር) ላይ የሚያድር ተማሪም ሆነ ቅዳሜ የሚረከብ የሰርግ ቪዲዮ ያለበት ኤዲተር በዚያው ማሽን ባይሞክር ይመረጣል። ጌም ቢቋረጥ እንደገና ይጀመራል፤ ሙሽራዋ ግን አትጠብቅም።

ያገለገሉ የኤኤምዲ አርኤክስ 580 ካርዶች ለብቻቸው መታየት አለባቸው። ብዙዎቹ ክሪፕቶ ማይኒንግ ላይ የዋሉ ሲሆን ባዮሳቸው (ካርዱ ውስጥ ያለው መሠረታዊ ፕሮግራም) ለዚያ ተብሎ የተቀየረም አለ። ጀማሪ ባዮስ መልሶ ልጫን ብሎ ባይነሣ ጥሩ ነው፤ በመሃል መብራት ከሄደ ካርዱ ሊሞት ይችላል። አንዳንዶቹ ካርዶች ጠርዛቸው ላይ ወደ ሁለተኛ ባዮስ የምትወስድ ትንሽ ማብሪያ አላቸው፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እሷን መሞከር ይቀድማል። ሻጩ ፊት ጂፒዩ-ዚ የተባለውን የካርድ ዝርዝር ማሳያ ፕሮግራም ከፍቶ የሼደሮቹን (የጂፒዩውን ትንንሽ የስሌት ክፍሎች) ቁጥር ማየትም ያስፈልጋል፤ ሙሉው አርኤክስ 580 2304 አለው፣ 2048 ካሳየ የተቀነሰው ዓይነት ነው፣ ዋጋውም በዚያው መጠን መውረድ አለበት።